«እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል ባዶውን ስለሄደው አውቶቡስ

ለተከበሩ የሾፌር አልባ ኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ፕላን ዳይሬክተር፣
ባሉበት

ክቡር ዳይሬክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮ ባልደረቦችዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአውቶቡሶቹ ባትሪዎች ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነን፤ ፌርማታ ላይ ቆመን ንጹሕ አየር ስለምንቀበል ጤናችን ከድሮውም ተሻሽሏል። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ በመጻፌ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ቢሮዎ ፌርማታው ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ «አስተያየትዎን በመረጡት ቋንቋ ይስጡን» ስለሚል፣ ቃልዎን አምኜ በመረጥኩት ቋንቋ ሰጥቻለሁ። አስተርጓሚ ቢያጡ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ካሉት ሱቆቻችን ወደ አንዱ ጎራ ይበሉ፤ በደስታ ያነቡልዎታል፣ ከራሳቸውም ጨምረው።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ግን ለእርስዎም፣ ይህን ዓምድ ለሚያነቡት ወዳጆቼም፣ አንዲት የምታሳፍር ነገር ሹክ ማለት አለብኝ። ቪዲዮውን ያያችሁ ስላላችሁ ብደብቃት አትደበቅም። ባለፈው ወር፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ፊቴ የቆመ አውቶቡስ ጥሎኝ ሄዷል። አልዘገየሁም። ቦርሳዬን አልረሳሁም። ስልክ እያወራሁም አልነበረም፤ ይህ ለሚያውቁኝ ሰዎች ብቻውን ዜና ነው። የሄደው እዚያው በሩ አጠገብ እንደቆምኩ ነው። ያሳፈረኝ ግን መቅረቴ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው፤ በአስፋልቱ ዳር እጄን እያውለበለብኩ፣ «ሾፌር! ሾፌር!» እያልኩ ሮጥኩ። ሾፌር የሌለውን አውቶቡስ ተከትዬ። ከማዶ በስልኩ የቀረጸኝ ሰው ዘፈን ጨምሮበታል፤ አለማመስገን አይቻልም፣ ሩጫዬ ከዘፈኑ ጋር ገጥሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምኖረው ስማይርና ነው፤ ስማይርና ደግሞ እንደሚያውቁት ሰው ወተት ለመግዛትም መኪና የሚያስነሳበት ሰፈር ነው። ያን ሰሞን መኪናዬ ትራንስሚሽኗ ታሞ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ዑመር ጋራዥ ገብታ ነበር። ዑመር መኪና ብቻ ሳይሆን ባለ መኪናውንም የሚያጽናና መካኒክ ነው። «እህቴ፣ ምን አስጨነቀሽ? ደጃፌ ላይ አዲሱ ባስ አለልሽ፤ ቁጭ ብለሽ ባቡር ጣቢያ ያደርስሻል» ብሎ ወደ ፌርማታው ላከኝ። እዚያ ወይዘሮ አፀደንና ጋሽ ነጋን አገኘኋቸው። ወይዘሮ አፀደ ብሩክሄቨን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ሥራ ሲሄዱም ነጠላቸውን እንደ ክት ቀን አስተካክለው የሚለብሱ ሴት ናቸው። ጋሽ ነጋ ጡረተኛ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ለማሳሸት ወደ ቴራፒ ይመላለሳሉ፣ በመንገድም የአገሩን ፖለቲካ ሁሉ ይፈቱታል።

አውቶቡሱ መጣ፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ድምፅ የሌለው። በሩ ተከፈተ። ጋሽ ነጋ እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው «ይግቡ ወይዘሮ አፀደ» አሉ። ወይዘሮ አፀደ ስድብ እንደሰማ ሰው ደንግጠው ወደ ኋላ ሸሹና «ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ?» አሉ። ጋሽ ነጋም «በሞቴ» አሉ። ወይዘሮ አፀደም «እኔ ልሙት፤ እንዲያውም እንግዳ አለች፣ እሷ ትቅደም» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ሰው ያሳደገኝ ነኝ፤ ሁለት ታላላቆቼን አቁሜ ልግባ? «ምን በወጣኝ!» ብዬ ከሁለቱም ይበልጥ ራቅሁ። ሦስታችንም እጃችንን ወደ በሩ ዘርግተን በዚህ ክርክር ላይ ሳለን፣ አውቶቡሱ በሚጣፍጥ የሴት ድምፅ መልካም ቀን ተመኘልንና በሩን ዘግቶ ሄደ። ባዶውን።

እንግዲህ ቢሮዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለሰማሁ፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ በሩ። በሩ ሥራውን በትክክል ስለሠራ ከልብ አመሰግናለሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ደፉ ላይ ያለው ሴንሰር ሰው ካየ ይጠብቃል፣ ሰው ካላየ ትንሽ ታግሶ ይዘጋል። እኛ ደግሞ ሰው ስናስቀድም ከደፉ ገለል እንላለን፤ በሩን በሰውነት ዘግቶ «ይግቡ» ማለት ነውር ነውና። ስለዚህ ጨዋነታችን በበዛ ቁጥር ከሴንሰሩ ዓይን እየጠፋን ሄድን። ከመካከላችን አንድ ባለጌ ቢኖር ኖሮ ወዲያው ይታይ ነበር። በማስታወቂያችሁ ላይ አውቶቡሱ ውሻን ከብስክሌት፣ የሕፃን ጋሪን ነፋስ ከሚያበረው ፌስታል ለይቶ እንደሚያውቅ አንብቤ ተደንቄያለሁ። ፌስታል ከእኛ በፊት በመታወቁም ቅር አላለንም፤ ፌስታል እኮ አይግደረደርም።

በዚህ አጋጣሚ፣ በሙከራው ጊዜ ከሾፌር አልባው ጋር እየተፈራረቀ የሚመጣውን የድሮውን አውቶቡስ ሾፌር ሚስ ዳርሊንን ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ያን ቀን ቀጥላ የመጣችው እሷ ነበረች። በሩን ከፍታ፣ ሦስታችን እጃችንን ዘርግተን መገባበዝ ስንጀምር በመስተዋት አየችንና መሪው ላይ ክንዷን ጥላ «ቱደይ፣ ፒፕል፣ ቱደይ!» አለች፤ ዛሬ ግቡ እንጂ፣ ነገን አትጠብቁ እንደ ማለት፤ ከዚያ በጣቷ እየጠቆመች መጀመሪያ ወይዘሮ አፀደን፣ ቀጥሎ ጋሽ ነጋን፣ መጨረሻ እኔን አስገባችን። የታዘዘ ሰው ደግሞ ቀደመ አይባልም፤ ሁላችንም ክብራችን ሳይጓደል ተቀመጥን። ወይዘሮ አፀደም እየሳቁ «ያኛው በየቀኑ ባዶውን ነው የሚሄደው፤ እኛ የዳርሊን ነን» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ጨዋታ ነበር።

2ኛ፦ ስለ ቆጠራው። ጨዋታው ያበቃው የወይዘሮ አፀደ ልጅ ሚካኤላ ካርታዎን ስታሳየን ነው። ሚካኤላ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ቀኑን ሙሉ ዳታ ስትመረምር የምትውል ልጅ ናት። በቢሮዎ ድረ ገጽ ላይ ሌሎቹ ፌርማታዎች አረንጓዴ ሆነው ሲያበሩ የዑመር ጋራዥ ፌርማታ ግራጫ ነጥብ ሆኗል፤ ትርጉሙም «ተሳፋሪ የለም፣ በመጨረሻው ፕላን ይነሣል» ነው። እኔ መቼም መከራከር ልማዴ ነውና «እንዴት የለም? በየጠዋቱ ቆመን!» አልኳት። እሷም «ኖ አክስቴ፣ ሊስን፣ ሲስተሙ የሚቆጥረው የገባ ሰው ነው፤ የቆመ ሰው አይቆጥርም። ዜሮ ናችሁ። ላይክ፣ ሊትራሊ ዜሮ» አለችኝ። በሚስ ዳርሊን አውቶቡስ የገባነውስ ስላት፣ እሱ ሙከራው ሲያበቃ የሚቆም የድሮ መስመር ስለሆነ ለአዲሱ ፕላን አይያዝም አለች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ «ማሚ፣ ጀስት ግቢ! ምንድነው ችግሩ?» አለች። ወይዘሮ አፀደ «ጋሽ ነጋን ገፍትሬ?» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ትንሽ ቀረብ ይበሉልኝ፤ ይህችኛዋ ለወሬ አይደለችም። የእኛ ፌርማታ ከተነሣ የሚቀጥለው ያለው ከመንገዱ ማዶ ነው። የቡፎርድ ሃይዌይን ሰባት ሌይን አንድ ቀን በእግርዎ ተሻግረው ከሆነ፣ እንኳን በሕይወት ተረፉ። ወይዘሮ አፀደ ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም አለባቸው። መኪና መንዳት ያቆሙት በዚሁ ነው፤ ማንም ሳያስገድዳቸው «ሰው እንዳልገድል» ብለው ቁልፉን በገዛ እጃቸው ለሚካኤላ ሰጧት። የሚመጣ መኪና ርቀቱን መለየት የማይችል ሰው ሰባት ሌይን አይሻገርም። ሚካኤላ ስማይርና ካለው ቤቷ ሥር ያለውን ቤዝመንት አሳምራ አስቀምጣላቸዋለች፤ አልጋ፣ ቴሌቪዥን፣ የራሱ መታጠቢያ ቤት። ሥራውን ተዪና ነይ ትላለች። ልጅ ናት፣ ለእናቷ ሰግታ ነው፣ ማንም አይፈርድባትም። ወይዘሮ አፀደ ግን «ከመሬት በታች የምገባበት ቀን ራሱ ይመጣል፤ ምን አስቸኮለሽ?» አሏት። እሳቸው የሚፈልጉት የራሳቸውን አፓርትመንት፣ የራሳቸውን ሥራና ሾርባቸውን ካልቀመሱ ቁርስ በልተናል የማይሉትን አረጋውያን ነው። በቢሮዎ ካርታ ላይ ይህ ሁሉ አንድ ግራጫ ነጥብ ነው። ነጥቧ ስላማረች አመሰግናለሁ።

3ኛ፦ አውቶቡሱ ድምፅ የለውም። ጀርባችንን ሰጥተን ስናወራ መጥቶ፣ ከፍቶ፣ ዘግቶ ይሄዳል። ይህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ ወሬያችን አይቋረጥም።

4ኛ፦ ስለ ሕዝባዊ ውይይቱ። ሐሳባችንን እንድንገልጽ ስለጋበዙን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ተሰባስበን መጣን፤ ከጋራዡ ዑመር፣ ከቴራፒ ጋሽ ነጋ፣ ከፈረቃቸው ፈቃድ ጠይቀው ወይዘሮ አፀደ፣ ሌሎችም የሰፈሩ ሰዎች። ሰብሳቢው በትሕትና «ከዚህ ፌርማታ ተጠቃሚዎች የሚናገር አለ?» ብለው ወደ ማይክሮፎኑ ጠቆሙ። ክቡር ሆይ፣ አንዳችን ብንነሣ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ባላነበቡ ነበር። ዑመር «ጋሽ ነጋ ይጀምሩ፣ ታላቃችን ናቸው» አለ። ጋሽ ነጋ «ባለጉዳይዋ እያሉ እኔ ምን አባቴ ልሁን ብዬ?» አሉ። ወይዘሮ አፀደ አንገታቸውን ደፍተው «ጸሐፊዋ ትናገር፣ አፍ አላት» አሉ። እኔ፣ አፍ ያለኝ፣ ባለጉዳይ ሳልሆን ቀድሜ መናገሩን ፈርቼ ወደ ዑመር አየሁ። ዑመርም ወደ ጋሽ ነጋ አየ። እንዲህ ስንተያይ ለእኛ የተመደበው ደቂቃ አለቀና ሰብሳቢው «ተቃውሞ ስለሌለ እናመሰግናለን» ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። ሰው ሲያጨበጭብ እኛም አጨበጨብን፤ ዝም ብሎ መቀመጡ ነውር መስሎን ነው።

አምስተኛም ነበረኝ። አራተኛውን ስጽፍ ራሴን ታዝቤ ተውኩት።

ከስብሰባው ስንመለስ ማጨብጨባችንን ጭምር ለሚካኤላ ነገርናት። በኋላ ግን ሚካኤላ፣ ያቺ እናቷን ቤዝመንት ልታስገባ የምትፈልገው ሚካኤላ፣ ቁጭ ብላ ለቢሮዎ ኢሜይል ጻፈች፤ ቆጠራው ተሳስቷል፣ ሰዎቹ አሉ፣ እናቴ ከመካከላቸው አንዷ ናት ብላ። ቢሮዎም መልሶ፣ በተለየ አስተያየት ለአንድ ሳምንት በድጋሚ እንደሚቆጠር፣ ሰኞም እንደሚጀመር ገለጸላት። ለዚህ ቸርነት ያለ አንዳች ምፀት አመሰግናለሁ፤ እንደዚህ ያለ ምስጋና በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ይህ አንዱ ብቻ ስለሆነ በደንብ ይያዝልኝ።

ሳምንት ብቻ ስላለን ልምምድ ጀመርን። ቅዳሜ ዑመር ጋራዡ ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ ቫን አቁሞ ተንሸራታች በሩን ከፈተልንና፣ ሰው ደፉ ላይ ካላየ እንደሚዘጋው አስጠነቀቀን። መጀመሪያ ጊዜ ዘጋው። ሁለተኛም ዘጋው። በሦስተኛው ጋሽ ነጋ እንደ ምንም አንድ እግራቸውን አነሡና፣ ወይዘሮ አፀደ ከኋላቸው መሆናቸው ትዝ ሲላቸው እግራቸውን መልሰው ይቅርታ ጠየቁ። ዑመር ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ጎማ ላይ ተቀመጠ። «እኔ እኮ በእናንተ አልፈርድም» አለ፤ «ከአባቴ ጋር መስጊድ በር ላይ ስንገባበዝ ሶላት ሊያመልጠን ነበር።» ሚካኤላ ግን አልሳቀችም። እናቷን ትክ ብላ አይታ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «ማሚ፣ ካልገባሽ እኮ እኔ ጋ ትመጫለሽ። አንቺ ደግሞ መምጣት አትፈልጊም። እኔም አውቃለሁ» አለች። ወይዘሮ አፀደ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እሺ። ባለጌዋ እኔ እሆናለሁ» አሉ።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያደረጉትን ላውጋዎት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ እየዞሩ፣ በፌርማታው የሚቆመውን ሰው አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ ገና ያላጠፉትን ጥፋት ይቅርታ ጠየቁ። የሳምንቱን በሙሉ፣ አስቀድመው። ጋሽ ነጋ ፊት ሲደርሱ ጎንበስ ብለው «ከነገ ጀምሮ እቀድምዎታለሁ፤ በንቀት እንዳያዩብኝ» አሉ። ጋሽ ነጋ ቀና ቀና እያደረጓቸው «ኧረ ይቅር ለእግዚአብሔር! ይቅር ለእግዚአብሔር!» አሉ፤ ዓይናቸውም እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ከኋላ ሆኜ መሐረብ ስፈልግ ነበር፤ ይህንን ግን ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች ብቻ ነው የምናገረው፣ እርስዎ አላነበቡትም።

ሰኞ ጠዋት መኪናዬ ብትሠራም ቆጠራውን ለማድመቅ ከስማይርና መጣሁ። ነጩ አውቶቡስ መጣ፣ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ አፀደ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አማትበው፣ ማንንም ሳይመለከቱ ገቡ። ክቡር ሆይ፣ የገቡት ውኃ ውስጥ እንደሚዘል ሰው ነው። እኔና ጋሽ ነጋ በአድናቆት አፋችንን ከፍተን ቀረን። ከዚያ ጋሽ ነጋ ወደ እኔ ዞረው «በይ ግቢ» አሉ። እኔም፣ እንዴት እንዳመለጠኝ እስካሁን አላውቅም፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» አልኩ።

በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ወይዘሮ አፀደን ብቻቸውን ይዞ ተንቀሳቀሰ። እሳቸው በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ይቅርታ ጎንበስ፣ ይቅርታ ጎንበስ እያሉ፣ ከዓይን እስኪሰወሩ ድረስ ሄዱ። እኛም ከእግረኛው መንገድ ላይ ሆነን መልሰን ጎንበስ አልን።

ስለዚህ የሰኞው ቆጠራ አንድ ሰው ነው። ቢሮዎ ሲደምር አንድ ትንሽ ቁጥር እንደምትሆን አውቃለሁ። ይህቺን አንድ ለመሆን ግን ወይዘሮ አፀደ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያላደረጉትን አድርገዋል፤ ሲደምሯት እባክዎ በሁለት እጅ ይያዙልኝ። አንዲት ልመናም አለችኝ፤ አውቶቡሱ መልካም ቀን የሚመኝበት ያ ጣፋጭ ድምፅ ካለው፣ በሩ ላይ ሰው ቆሞ ሲገባበዝ «እትዬ፣ እርስዎ ይግቡ፤ ጋሼ፣ እርስዎ ቀጥለው» እንዲል አድርጉልን። ትእዛዝ ነው የምንለምነው። ሌላው ሕዝብ ነፃነት ሲጠይቃችሁ እኛ ትእዛዝ ስንጠይቅ ቢያስቅዎት አይደንቀኝም፤ ነገር ግን ሚስ ዳርሊን ይህን ያለ ምንም በጀት ትሠራው ነበር።

ለአንባቢዎቼ ደግሞ፦ ሳምንቱ ሲያልቅ ነጥቧ አረንጓዴ ሆነች ወይስ ግራጫ እንደሆነች ቀረች፣ ወይዘሮ አፀደም ለሥራ የሚነሡት ከራሳቸው አፓርትመንት ነው ወይስ ከቤዝመንቱ፣ ቦታው ድረስ ሄጄ በዓይኔ አይቼ የሆነውን ሁሉ አጫውታችኋለሁ። ነገ ጠዋት እኔ ራሴ እገባለሁ ብዬ ለጋሽ ነጋ ምዬላቸዋለሁ፤ ይቅርታቸውንም ዛሬ ማታ በስልክ አስቀድሜ እቀበላለሁ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ስላነበቡ፣ ባያነቡም ለሚያነብልዎት ሰው ስለከፈሉ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤናና የማያልቅ ባትሪ እመኝልዎታለሁ። ከታላቅ አክብሮት፣ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ፣ እጄን ወደ በርዎ ዘርግቼ፣

ታዛዥዎ ሕይወት
ከስማይርና

ማስታወሻ፦ ስለ አውቶቡስ የተወያየንበት አዳራሽ ያማረ ነበር፤ አንዳች አውቶቡስ እንደማይደርስበት ግን መግቢያው አካባቢ የፌርማታ ምልክት ሳጣ ነው የተረዳሁት። በደጁ የስምዎ ታርጋ የተተከለበት ሰፊ ፓርኪንግ አይቻለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ማን እንደሚቀድም አስቀድሞ በብረት ስለተጻፈ ማንም አይግደረደርም፤ ለእኛም በወረቀት ቢሆን ይበቃናል።